«ጆሮዬ ጭው ይላል፤ ማርሚታውንም ልቆርጥ አስቤያለሁ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 28 ነው። የምኖረው ሐዋሳ፣ የምሠራው ይርጋለም ነው። አንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ ሲሸጥ የገዛኋትን አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ሳይክል እየነዳሁ በየቀኑ እመላለሳለሁ። ማታ ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ ጭው ይላል። ድሮ ጠዋት ስነሳ ይተወኝ ነበር፤ አሁን ግን ቅዳሜና እሑድም አልለቀቀኝም። እጮኛዬ ደግሞ «ሳወራህ አትሰማኝም፣ ልብህ ሌላ ቦታ ነው» እያለች ተቀይማኛለች። ጓደኞቼ ጆሮ ደፍኖ መንዳት አደጋ ነው፣ ከኋላ መኪና ሲመጣ አትሰማም ይሉኛል። ሌላው ጉዳይ ሞተሯን ሞዲፋይ ላደርጋት መፈለጌ ነው፤ ማርሚታዋን ቆርጬ ድምፅዋን ማወፈር፣ የኋላ ፓራፋንጎዋን አንስቼ ወንበሯን ማሳጠር፣ ትልቅ የኤልኢዲ መብራት መግጠም አስቤያለሁ። ጥር ላይ ሠርጋችን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለታችን በእሷ አርባ ምንጭ ልንሄድ አቅደናል። ምን ይመክሩኛል? ብ. ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ ብ.፣ ጭው የሚለውን ነገር በጊዜ ስለነገርከኝ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሞተር ነጂ ይህን የሚያወራው ዘግይቶ፣ ልጁ ከጓዳ ስትጠራው መስማት ሲያቅተው ነው። ስለዚህ ከጆሮህ እንጀምር፤ ሞተሯ ትጠብቃለች።

የሚጎዳህ የሞተሯ ድምፅ ይመስልህ ይሆናል። ከተማ ውስጥ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ስትሄድ ልክ ነህ። ወጣ ብለህ ከ60 ወይም ከ70 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ስትለቃት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ጩኸት የነፋሱ ነው። ነፋሱ ሄልሜትህን እየገጨ፣ በአገጭህ ሥር ሽቅብ እየገባ ጆሮህ አጠገብ ይታመሳል። በ60 ስትነዳ ሄልሜት ውስጥ ያለው ድምፅ 90 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) አካባቢ ነው፤ በ100 ስትነዳ ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል። ውድ ሄልሜት ብትገዛም ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሄልሜት የተሠራው የራስ ቅልህን ከአስፋልት ሊያተርፍ ነው፤ ጆሮህን የምትጠብቀው አንተ ነህ።

አሁን ስሌቱን ተመልከት። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች የሚመሩበት ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ የሚችለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ 30 ደቂቃ፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ። ከሐዋሳ ይርጋለም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ80 ስትነዳ ድምፁ 95 ነው ብንል የዕለት ድርሻህ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ጠዋት ስትሄድ አብዛኛውን ትጨርሰዋለህ፤ ማታ ስትመለስ የምትሰማው ከልኩ በላይ ነው። ይህን ደግሞ የሥራ ቀን በሆነ ቁጥር ነው የምታደርገው።

በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉ፣ ጥቃቅን ፀጉር ያላቸው ሴሎች አሉ። ከባድ ጩኸት ሲያልፍባቸው ይዝላሉ፤ ጆሮህ ይደነዝዛል፣ ጭው ይላል፣ አድረህ ስትነሳ ይመለሳል። ከብት አንድ ቀን የረገጠው ሣር በማግሥቱ ቀና ይላል፤ በየቀኑ የሚረገጠው ግን መንገድ ሆኖ ይቀራል። የሰው ጆሮ ውስጥ ያሉት እነዚህ ሴሎች አንዴ ከሞቱ ዳግም አይበቅሉም። እኔን ያሳሰበኝም ድሮ ጠዋት ይተወኝ ነበር፣ አሁን ቅዳሜና እሑድም አልለቀቀኝም ያልከው ነው።

የእጮኛህ ቅሬታም ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ በመስማት ምርመራ ላይ ብዙውን ጊዜ በ4,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) አካባቢ መስማቱ ወረድ ብሎ ይታያል። በንግግር ውስጥ «ስ» እና «ፍ» የመሳሰሉት ድምፆች የሚገኙት በዚያ ቀጭን ወገን ነው። ስለዚህ ሰው ሲናገር ትሰማለህ፤ ምን እንዳለ ግን ያመልጥሃል። በሴትና በሕፃን ድምፅ፣ በስልክ፣ ሰው በሞላበት ካፌ ውስጥ ይብሳል። ዛሬ ማታ ቁጭ በልና ንገራት። «ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አይደለም፣ ጆሮዬ ሳይጎዳ አልቀረም፣ ልመረመር ነው» በላት። እስከዚያው ፊት ለፊት ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ ከሌላ ክፍል ሆና ብታናግርህ ማዳመጥ ይከብድሃል። ባላጠፋኸው ጥፋት ተቀይማህ ወደ ሠርግ ባትገቡ ደስ ይለኛል።

ምርመራ ስልህ በዚህ ሳምንት ማለቴ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሂድ። ምናልባት ኩክ ተጠራቅሞ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከሆነ እዚያው ይጸዳልሃል። አንተ ግን ክብሪት እንጨት፣ የቁልፍ ጫፍ ወይም የሞቀ ዘይት ጆሮህ ውስጥ እንዳታስገባ። ኩክ ካልሆነ የመስማት ምርመራ እንዲደረግልህ ጠይቅ። ከምርመራው በፊት ባለው ቀን ሞተር አትንዳ፤ የዛለ ጆሮ ውጤቱን ያበላሸዋል። አንድ ነገር አደራ ልበልህ፤ አንዱ ጆሮህ ድንገት መስማት ካቆመ ነገ ይሻለኛል ብለህ እንዳታድር። እንዲህ ያለው ሕመም የሚታከመው በቀናት ውስጥ ሲደረስበት ነው።

ከምርመራው ውጤት በፊትም ቢሆን ከነገ ጠዋት ጀምረህ ጆሮህን ደፍነህ ንዳ። ብዙዎች ኢርፕላግ የሚሉትን ለስላሳ ስፖንጅ ፋርማሲ ወይም የሥራ ጓንትና የብየዳ መነጽር የሚሸጡ ሱቆች ጠይቅ። ጥጥና ሶፍት ምንም አይፈይዱም ማለት ይቻላል። ስፖንጁም ቢሆን አገባቡን ላላወቀ ሰው አይጠቅምም፤ አብዛኛው ሰው ጆሮው አፍ ላይ ሰክቶት ይሄድና «ሞክሬው ነበር፣ አይሠራም» ይላል። እጅህን ታጠብ። ስፖንጁን በጣቶችህ መካከል፣ ሳይታጠፍና ሳይሸበሸብ ቀጭን እስኪሆን አንከባለው። ለቀኝ ጆሮህ ግራ እጅህን በራስህ ላይ አሻግረህ የጆሮህን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፤ ያን ጊዜ ጠማማው ቀዳዳ ቀና ይላል። ቶሎ አስገባውና እስኪያብጥ ድረስ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣትህ ያዘው። በደንብ ከገባ የራስህን ድምፅ ከውስጥህ ትሰማዋለህ፣ በዙሪያህ ያለው ሁሉ ራቅ ይላል። ግማሹ ውጭ ከቀረ አውጣና ድገመው። ሄልሜቱን ስታጠልቅ እንዳይነቅለው የጉንጩን ስፖንጅ በሁለት እጅህ ከፈት አድርገህ አስገባ። ሲቆሽሽ ጣለው፤ ጆሮ ያቆስላል።

ማሸጊያው ላይ ከ29 እስከ 33 ዴሲቤል ይቀንሳል የሚል ልታገኝ ትችላለህ። መንገድ ላይ የምታገኘው ከዚያ ያነሰ ነው። ግን 15 ብቻ እንኳ ቢቀንስልህ 95 የነበረው 80 ይሆናል፤ 80 ደግሞ ሙሉ ቀን ብትውልበትም ከልኩ በታች ነው። በጥቂት ብር የሚገኝ ነገር ይህን ሲያደርግ ብዙ ነጂዎቻችን አለመጠቀማቸው ያንገበግበኛል።

ጓደኞችህ የሚሉህን እንየው። መድፈኛው የነፋሱንም የጡሩምባውንም ድምፅ አብሮ ነው የሚቀንሰው። በ80 ስትነዳ ጡሩምባውን የሚውጥብህ ነፋሱ ነው፤ ሁለቱም አብረው ሲወርዱ ከኋላህ ያለው የሲኖትራክ ጡሩምባ ከነፋሱ በልጦ መሰማቱን ይቀጥላል፣ ጆሮህም ስላልደነዘዘ ለይተህ ትሰማዋለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርገው ዓለም የራቀችህ ይመስልሃል፤ ጥቂት ቀን ስጠው። ከኋላ የሚመጣውን ማየት ያለብህም በስፖኪዮ ነው። ስለ ማርሚታም አንዳንዶች «ድምፁ ከፍ ካለ መኪና ያውቀኛል» ይላሉ። የማርሚታው አፍ ወደ ኋላ ነው የዞረው። ከፊት ለፊትህ ወደ ግራ የሚታጠፈው አባዱላ፣ መስኮቱን ዘግቶ ዘፈን ከፍቶ፣ አይሰማህም። በቀን መብራትህን አብርተህ ሂድ፣ ደማቅ ሰደርያ ልበስ።

ሄልሜት ሥር ኢርፎን አድርገው ዘፈን የሚሰሙ ልጆች አሉ፤ አንተ ከነሱ እንዳትሆን። ነፋሱ 95 ከሆነ ዘፈኑ እንዲሰማ ከዚያ በላይ መክፈት ግድ ነው። እሱ ጆሮን ሁለት ጊዜ መምታት ነው።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምርልህ። ከነፋሱ ጩኸት ብዙው የሚገባው ከታች፣ በአንገትህና በሄልሜቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሻርፕ አንገትህ ላይ ጠምጥመህ ጫፎቹን ጃኬትህ ውስጥ ክተታቸው፤ ልዩነቱን ያኔውኑ ትሰማዋለህ። ጫፉ ግን በፍጹም ውጭ እንዳይቀር፤ ካቴናው ከያዘው ያንቃል።

አሁን ወደ ዲቲህ። አንድ የማውቃቸው አንጋፋ መካኒክ አሉ። ሞተር ሲመጣላቸው ካቻቢቴ ያነሱና ጫፉን ሲሊንደሩ ላይ፣ ከዚያ ክራንኩ ያለበት ጎን ላይ ያሳርፉታል፤ እጀታውን ጆሮአቸው ሥር ይደግኑታል። ጥቂት ይቆዩና «ፒስተኑ ደህና ነው፣ ኩሽኔታው ነው» ይላሉ። ሲከፈት እንዳሉት ሆኖ ይገኛል። ዕድሜያቸውን በግራይንደርና በመዶሻ ጩኸት ውስጥ፣ ማታ ደግሞ በሞተር ወደ ቤት እየተመላለሱ ነው ያሳለፉት። ዛሬ ካቻቢቴውን ለረዳታቸው ይሰጡና «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁታል። አሮጌ ሞተር ሊያድስ የተነሳ ሰው ከቁልፍ ሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጆሮ ነው የምልህ ለዚህ ነው። የጎማህን ራጂዎች፣ ቀጫጭኖቹን የብረት ዘንጎች፣ አንድ በአንድ በካቻቢቴ መታ መታ አድርጋቸው፤ የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይሞታል። ይህን መለየት ያቃተው ሰው ጎማው ሲወላገድ ነው የሚያውቀው።

ማርሚታዋን አትቁረጥ። ከጩኸቱ ሌላ ከባድ ምክንያት አለኝ። ዲቲህ ቱ ስትሮክ ናት፣ ፒስተኗ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ቤንዚን ታቃጥላለች፤ የጭስ ማውጫ ቫልቭ የላትም። ፒስተኑ ራሱ ሲወርድ ቀዳዳውን ይከፍተዋል፤ ጭሱ ሲወጣ ገና ያልተቃጠለው ቤንዚንና አየርም ተከትሎት ሊያመልጥ ይላል። የማርሚታው ሆድ ሰፍቶ መጨረሻው የጠበበው ለዚህ ነው። የጭሱ ግፊት ጠባቡን ጫፍ መትቶ ይመለስና ሊያመልጥ የነበረውን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋዋል። ስትቆርጠው ድምፅ ታገኛለህ፣ ጉልበት ታጣለህ። ከዚያም አልፎ ትንፋሹ ሲለወጥ ካርቡሬተሩ የሚሰጠው ቤንዚን ለአየሩ ሊያንስ ይችላል። በቱ ስትሮክ ደግሞ ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑና ከአየሩ ጋር ስለሆነ፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግልና ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል ማለት ነው። በ80 ስትሄድ የኋላ ጎማህ ድንገት ሲቆለፍ አስበው።

ድምፅዋ የታፈነ፣ ጉልበቷ የደከመ ከመሰለህ መፍትሔው ጽዳት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ጥቀርሻም ይሠራል። የማርሚታውን ጫፍ ተመልከት። በብዙዎቹ ላይ አንዲት ቡሎን ፈተህ የምትስበው የውስጥ ቱቦ አለ። ስትስበው ቀዳዳዎቹ በጥቁር ቅባት ተደፍነው ልታገኛቸው ትችላለህ። ደጅ አውጥተህ ከቤንዚን ርቀህ አቃጥለው፣ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው፣ መልሰህ ግጠመው። አሮጊቷ ዲቲ ያን ቀን ዳገት ስትወጣ ራስህ ትገረማለህ። ማርሚታው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገናኝበትን ጎርኒሲዮንም ቀይረው፤ ከዚያ የሚያፈተልክ ጭስ ነው ብዙ ጊዜ ያንን ጠቅ ጠቅ የሚል ሻካራ ድምፅ የሚያመጣው። ከዚያ ጥቂት ነድተህ ካንዴላዋን ፍታና እያት። ቡናማ ከሆነች ደህና ነው። ጥቁርና ርጥብ ከሆነች ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ በዝቷል። ነጭ ከሆነች ሳትስተካከል አትንዳት።

የዘይቱን ነገር ሳልጠይቅህ አላልፍም። ያማሃ አውቶሉብ የሚለውን፣ ዘይት በራሱ ፓምፕ የሚመጥነውን አሠራር ከ1964 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ዲቲህም ይኖራታል። ነገር ግን በጨረታ የተገዛ ሞተር ብዙ እጅ ያለፈበት ነው። አንዳንድ ሰው ፓምፑ ሲያስቸግረው ይፈታውና ዘይቱን ቤንዚን ውስጥ ቀላቅሎ ይነዳል። ያንተዋ የትኛው እንደሆነች ሳታረጋግጥ አንድ ኪሎ ሜትር እንዳትጨምር። ፓምፕ የሌላትን ሞተር ባልተቀላቀለ ቤንዚን መንዳት መግደል ነው።

ፍሬኗ ላይ ገንዘብ አውጣ። የፍሬን ሸራውን አስከፍተህ እይ፣ ካለቀ ቀይር። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 ቢል በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ቢያምርም የደረቀ ጎማ ዝናብ ላይ አይይዝም፤ የሲዳማን ዝናብ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። መብራቱን በተመለከተ መጀመሪያ ባትሪዋን እይ፤ የቆዩ ዲቲዎች 6 ቮልት የሆኑ አሉ፣ ለ12 ቮልት የተሠራ ኤልኢዲ እዚያ ላይ አይሠራልህም። ቀለም ልትቀይር ብታስብ አስቀድመህ መንገድ ትራንስፖርት ጠይቅ፤ ሊብሬው ላይ የተጻፈውና ሞተሯ ካልተስማሙ በዓመታዊ ምርመራ ጊዜ ትጉላላለህ።

ፓራፋንጎውና ወንበሩ ላይ ግን ተው እልሃለሁ። ወንበር ለማሳጠር ሲባል የሻንሲውን ጭራ በግራይንደር ቆርጠው የሚበይዱ አሉ፤ ያ ብረት ሰው ተሸክሞ ኮረኮንች ላይ እየዘለለ የሚኖር ነው፣ ብየዳው መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም። ደግሞስ ወንበሯን ካሳጠርክ እጮኛህ የት ልትቀመጥ ነው? አርባ ምንጭ ይዣት እሄዳለሁ ባልክበት ደብዳቤ ላይ ወንበሯን ላሳጥር ማለትህን ሳነብ ስለ ጉዞው ገና እንዳልተነጋገራችሁ ገባኝ። ተነጋገሩ። ወንበሩን ማሳመር ከፈለግህ ስፖንጁን አስቀይረው፣ በጥሩ ቆዳ አስለብሰው፣ ርዝመቱን እንዳለ ተወው። ለኋላ ሰው እግር ማሳረፊያ ከሌላት አስገጥምላት።

ስለ ጉዞው እንግዲህ። በሻሸመኔ፣ በአላባ ቁሊቶና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሰው የጫነች አሮጌ 125 በአንድ ቀን ልትጨርሰው ትችል ይሆናል፤ እናንተ ግን ደክማችሁ፣ ጆሯችሁ ደንዝዞ ነው የምትደርሱት። ሶዶ እደሩ። ከ70 አትለፍ፤ ከኋላህ ሰው ሲኖር ፍሬን የሚይዝበት ርቀት ይረዝማል። በየሰዓቱ ቁሙ፣ ሞተሯም ትቀዝቅዝ። ለእሷ በራሷ ልክ የሆነ ሄልሜት ግዛላት፤ ያንተ አሮጌው ሰፍቷት ከራሷ ላይ እየዞረ እንዳይሆን። ስፖንጁንም ለእሷ ያዝ፣ አገባቡን ከጉዞው በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ ተለማመዱት። ሁለታችሁም ጆሮ ደፍናችሁ ስለምትሄዱ መነጋገር አይኖርም፤ ትከሻህን አንድ ጊዜ መታ ስታደርግ ቀስ በል፣ ሁለት ጊዜ ስትመታ ቁም የሚል ስምምነት አድርጉ።

የምርመራህ ውጤት ሲደርስህ ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፍልኝ፤ ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ አብረን እናያለን።